«ምን ይዘህ መጣህ?» የሚል እንጂ «ምን አይተህ መጣህ?» የሚል ጠፋ

በሰው አገር ሠርቶ የሚያድር ሰው በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ስም አለው። አንደኛው «ኤክስፓት» ይባላል። ሁለተኛው «ሕገወጥ ስደተኛ» ይባላል። ሁለቱም ከአገራቸው የወጡት እንጀራ ፍለጋ ነው። ሁለቱም እናት አባት ትተው ነው የሄዱት። ሁለቱም በባዕድ ቋንቋ ሲያዙ ውለው ማታ ላይ የአገራቸው ምግብ ይናፍቃቸዋል። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ቢሉ፣ ኤክስፓት የተባለው ሲመለስ «እንዴት ነበር? ደመወዙስ? አለቆቹስ? የቤት ኪራዩስ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የተናገረውም ተጽፎ ከኋላው ለሚመጣው ሰው ይደርሳል። ሕገወጥ የተባለውን ግን በር ላይ የሚጠብቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ምን ይዘህ መጣህ?»

እስቲ ፖላንድን እንውሰድ። ከየት የመጣች ፖላንድ ናት? እንዳትሉኝ። የአዲስ አበባ ደላሎች አፍ ላይ ከገባች ሰንበትበት ብላለች። ወደ ዋርሶ ወይም ወደ ክራኮቭ ሄዶ በቢሮ የሚሠራ የውጭ አገር ሰው ስለ ኑሮው ሲጠየቅ የሚናገረው ነገር አለው። ቋንቋቸው ምላስ ያስራል፤ ክረምቱ ረጅምና ጨለማ ነው፤ ትራሙና ባቡሩ ግን ሸጋ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ለማሳደስ የመንግሥት ቢሮ ደጅ መጥናት ያማርራል፤ አከራይ አንዳንዴ የውጭ ሰው አልፈልግም ይላል። ይህ ሁሉ ምሬት ነው፤ ግን የባለመብት ምሬት ነው። ሰውየው ከአገሩ ሳይነሳ በፊት ዝቅተኛው ደመወዝ ስንት እንደሆነ ያውቃል። ሕጉ በየዓመቱ በቁጥር ያስቀምጥለታል። በአውሮፓውያኑ 2025 ዓ.ም. በወር 4,666 ዝሎቲ ነበር። ከዚህ በታች ቢከፍሉት ወዴት እንደሚከስም ያውቃል። አውቆ ሄደ፣ አውቆ ተማረረ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንምጣ። ወደ ከሚሴ!

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዳዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጂሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሐረዋ፣ ባቲ የምንላቸው ወረዳዎች ሁሉ የዚሁ ዞን ናቸው። በዚህ ዞን ወደ ዓረብ አገር ሰው ያላሻገረ ቤት ለማግኘት ብዙ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። በሰኞ ገበያዋ፣ በግመሏና በእህሏ ስሟ የገነነው ባቲ ዛሬ የመንገደኛም መተላለፊያ ናት። ከባቲ ወደ ሚሌ፣ ከሚሌ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ የመንን በእግርና በመኪና አቋርጦ ጂዛን። ይህንን መስመር የከሚሴ ልጅ የጂኦግራፊ መምህሩ ሳያስተምረው ያውቀዋል።

እኔ የማንም ጋዜጣ ቅጥር አይደለሁም። እንደ ዶሮ ጭሬ ነው የማድረው። በከሚሴ ሻይ ቤቶችና ቡና በሚፈላባቸው ግቢዎች ተቀምጬ ከተመለሱት ሰዎች ጋር ስጨዋወት የገረመኝ ነገር፣ የሚያውቁት ብዛት ነው። ከዚያ የበለጠ የገረመኝ ደግሞ ይህንን ያህል የሚያውቁ ሰዎች እስከዛሬ ማንም ወረቀትና ብዕር ይዞ አጠገባቸው አለመቀመጡ ነው። ከቢሮ የመጣ ሰው ከነበረም ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና ቀበሌያቸውን መዝግቦ ሄደ። ተመላሽ ቁጥር አንድ፣ ተመላሽ ቁጥር ሁለት። በቃ!

የተመለሱት የሚያውቁት

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ሲያወሩ እንደ ሬዲዮ ድራማ ልቅሶ ብቻ አይደለም የሚያወሩት። አንዷ ሴት ማዳሟን በአንድ አፍ ትረግማለች፣ በዚያው አፍ ትመርቃለች። ልጆቿን እንደ ልጄ አሳድጌአቸው ነበር፣ ስለይ አለቀሱ ትላለች። ደመወዟን በወሩ የምትቀበል፣ ዑምራ የወሰዷት፣ ስትታመም ያሳከሟት አለች። ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት የሠራች፣ ወንድሟን ኮሌጅ ያስተማረች አለች። በሌላ በኩል እንቅልፏ በሌሊት አራት ሰዓት ያልሞላ፣ ስልኳን የተነጠቀች፣ በረንዳ ላይ የተኛች፣ የሁለት ዓመት ደመወዟን ሳትቀበል አውሮፕላን ማረፊያ የተጣለች አለች። ሁለቱም ያው ሳዑዲ ነው። ምን ለያቸው? ብላችሁ ብትጠይቁ «ዕድል» ይሏችኋል። እኔ ግን ደጋግሜ ሳዳምጥ ዕድል ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። ወረቀት ነው!

በቪዛ የሄደችው ኢቃማ አላት፤ ፓስፖርቷ ግን ብዙ ጊዜ ከፊሏ እጅ ነው። ከፊል ማለት ላላወቀ፣ ዋስ ሆኖ ያስገባት ቀጣሪ ነው። ከእሱ ፈቃድ ውጪ ከቤቱ የወጣች እንደሆነ «ሁሩብ» ተብላ ትመዘገባለች፤ ጠፊ ማለት ነው። ትናንት ሕጋዊ የነበረችው ሴት ዛሬ ሹርጣ የሚፈልጋት ወንጀለኛ ሆና ታድራለች። ተደብድባ ትውጣ፣ ደመወዝ ተከልክላ ትውጣ፣ የሚጠይቅ የለም።

በእግሩ የሄደው ደግሞ ከመነሻውም ወረቀት የለውም። የመን ላይ አጋቾች ይይዙታል። ወደ ቤተሰቡ ስልክ ይደወላል፤ እናት የልጇን ጩኸት በስልክ እየሰማች በሬ ትሸጣለች፣ መሬት ታኮናትራለች፣ ከጎረቤት ትበደራለች። ልጁ ከተረፈና ካለፈ በረሃ ላይ ፍየልና ግመል ይጠብቃል፣ እርሻ ይጠብቃል። ባንክ አይገባም፤ ብሩን በሃዋላ ይልካል። ሐኪም ቤት መሄድ ይፈራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመጨረሻው ወር ነው። አሠሪው የወራት ደመወዝ ይዞበት «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲል ይቆይና ሹርጣ ይጠራበታል። ልጁ ታስሮ ይባረራል፤ ሰውየውም ሌላ የከሚሴ ልጅ ይቀጥራል። ይህንን ታሪክ ከአንድ ሰው ብሰማው ኖሮ የአንድ ክፉ ሰው ሥራ ነው እል ነበር። ከተለያዩ ወረዳዎች የመጡ፣ በተለያየ ዓመት የሄዱ ሰዎች ሲደጋግሙት ግን የአሠራር ጉዳይ ነው።

አያችሁ፣ ይህ ዕውቀት ነው። የትኛው ከተማ ደመወዝ ይያዛል? የትኛው ደላላ ውል ይቀይራል? ፓስፖርት ስትጠየቂ ምን ትያለሽ? ይህንን የሚያውቀው የሚኒስቴሩ ባለሙያ አይደለም። ዳዋ ጨፋ ቁጭ ብላ እንጀራ የምትጋግረው ሴትዮ ናት።

ሰውዬው «ሕገወጥ»፣ ገንዘቡ «ሬሚታንስ»

መንግሥታችን ስለ እነዚህ ሰዎች ያለው አቋም ግራ የሚያጋባ ነው። ሰውየው ድንበር ሲሻገር «ሕገወጥ» ይለዋል። የላከው ሪያል ባንክ ሲገባ ግን ስሙን ለውጦ «ሬሚታንስ» ይለዋል። ገንዘቡ ሕጋዊ ሆኖ ሰውየው ሕገወጥ የሚሆንበት አገር!

እስቲ ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው። በ1990 ዓ.ም. ስለ ግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች አዋጅ ወጣ። በ2001 በሌላ አዋጅ ተተካ። በኅዳር 2006 ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በጥቅምት 2006 መንግሥት ወደ ዓረብ አገር የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ከልክሎ ነበር። ክልከላው እስከ 2010 ዘለቀ። ሕጋዊው በር ከአራት ዓመት በላይ ተዘግቶ ሲቆይ ሰው ቀረ? አልቀረም። በሩ ሲዘጋ በኦቦክ በኩል ሄደ። ከ2009 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት እንደገና ከ300 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ተባረረ። ይህ ምን ይነግረናል? ክልከላ የደላላ ሠርግ መሆኑን ይነግረናል።

አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ በወረቀት ላይ ደህና ነገር ይዞ ነበር የመጣው። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራ ፈቃዱንና የመድኅኑን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ደነገገ። ሠራተኛዋ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችና የሙያ ማረጋገጫ የያዘች እንድትሆን ጠየቀ። ይሁን፤ ግን ጂሌ ጥሙጋ ገጠር ውስጥ ከአራተኛ ክፍል ላቋረጠችው ልጅ ይህ ምን ማለት ነበር? ሕጋዊው በር ለሷ ተዘጋ ማለት ነበር። ትምህርት ቤቱን ሳይሠራላት «ስምንተኛ ጨርሺ» የሚል ሕግ ያወጣ መንግሥት፣ ልጅቷ በረሃውን ስትመርጥ የመገረም መብት የለውም። አዋጁ በ2013 ተሻሽሏል፤ በዚያ መሐል ባሉት ዓመታት በረሃ የገቡትን ግን ማሻሻያ አይመልሳቸውም።

በሳዑዲ በኩልም ቢሆን በመጋቢት 2013 የከፊልን ሥርዓት የሚያላላ ለውጥ ሥራ ላይ ዋለ ተብሎ በዓለም ተነገረ። ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየርና ከአገር መውጣት ይችላል ተባለ። እሰየው! ግን ከዚያ ለውጥ ውጪ የተደረጉት እነማን ነበሩ? የቤት ሠራተኛ፣ የግል ሾፌር፣ አትክልተኛ፣ የእርሻ ሠራተኛና እረኛ። እንግዲህ ከከሚሴ የሄደው ሰው ሥራው ምንድን ነው? ሴቷ የቤት ሠራተኛ፣ ወንዱ እረኛ! ከዚያ ወዲህ ለቤት ሠራተኞች የተለየ ደንብ ወጥቷል፤ ያም ሆኖ ኢቃማ ለሌለው እረኛ ደንብ የሩቅ ወሬ ነው።

በየካቲት 2013 መጨረሻ ሰንዓ ውስጥ የስደተኞች ማጎሪያ በእሳት ሲጋይ በአሥሮች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አለቁ። በነሐሴ 2015 ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በከባድ መሣሪያ ገድለዋል አለ። ሳዑዲ ሐሰት ነው ብላ አስተባበለች። በሐምሌ 2017 መጨረሻ ደግሞ በየመን አብያን ባሕር ዳርቻ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ መንገደኞችን የጫነች ጀልባ ሰጥማ እንደገና በአሥሮች አለቁ። በከሚሴና በአካባቢው ያለ ስንት ቤት ሬሳ ሳያይ ተዝካር አውጥቷል፣ ሰደቃ አብልቷል? የቆጠረ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሳ። ለ2014 የገና በዓል አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ወደ አገሩ ይግባ ተብሎ ጥሪ ተደረገ። ሆቴሎች ቅናሽ አደረጉ፤ አበባ ተይዞ ቦሌ ተወጣ። መልካም። ከሚሴ በዚያን ሰሞን ከጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። ከበዓሉ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2014፣ በሳዑዲ እስር ቤቶች የታጎሩ ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን የመመለስ ሥራ ተጀመረ። ለነዚህኞቹ «ዲያስፖራ» ያለ አልነበረም። ለመሆኑ ዲያስፖራ የሚባለው በዶላር የሚልክ ብቻ ነው? በሪያል የሚልክ ምን ይባላል?

ይባስ ብሎ በ2015 እስከ 500 ሺህ የሚደርሱ ሴቶችን በመንግሥት በኩል ወደ ሳዑዲ ለመላክ መታቀዱ ተዘገበ። ያው «አትሂዱ፣ ትሞታላችሁ» ሲል የነበረው አፍ «ኑ ተመዝገቡ» አለ። እኔ በሕጋዊ መንገድ መሄድን አልቃወምም፤ እንዲያውም ከኦቦክ ጀልባ ሺህ ጊዜ ይሻላል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ግማሽ ሚሊዮን ሴት ለመላክ ሲታቀድ፣ ከዚያ በፊት የተመለሱት መቶ ሺዎች «ምን አያችሁ?» ተብለው ተጠይቀው ነበር? አንድ ነጋዴ እንኳ ሁለተኛ ዕቃ ከመጫኑ በፊት የመጀመሪያው በደህና ገብቶ እንደሆን ይጠይቃል።

«ያውቃሉ እኮ፣ እያወቁ ነው የሚሄዱት»

ይህንን ሳነሳ አንድ ሹም ወይም አንድ ምሁር ነኝ ባይ ብድግ ብሎ እንዲህ ሊለኝ ይችላል። «ወንድሜ፣ የከሚሴ ልጅ ሁሉንም ያውቃል። የሞተውን ያውቃል፣ የታገተውን ያውቃል። እያወቀ ነው የሚሄደው። ተመላሽ ቢጠየቅ ባይጠየቅ ምን ይለውጣል?»

ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እውነትም አለው። ሞት መኖሩን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ሞትን ማወቅና ውልን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በየመንገዱ የተለጠፈው ፖስተር የሚያስተምረው ሞትን ብቻ ነው። ሥራ አጥ ሆኖ፣ መሬት ለአባቱም አልበቃ ብሎ፣ እህቱ ለመዳር ደርሳ የተቀመጠን ጎረምሳ በሞት ማስፈራራት አያስቀረውም። «አላህ ያለው አይቀርም» ብሎ ይነሳል። ይኸው ጎረምሳ ግን ሒሳብ ያውቃል። ለደላላ ስንት ወጣ፣ ለአጋች ስንት ተከፈለ፣ በወር ስንት ተላከ፣ ስንቱ ወር ሳይከፈል ቀረ፣ ብድሩ በስንት ዓመት አለቀ ተብሎ ከራሱ ሠፈር የተመለሰ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያሰላለት፣ አንዳንዱ ይቀራል። አንዳንዱ ሕጋዊውን በር ይጠብቃል። የሚሄደውም ደግሞ ፓስፖርቱን ፎቶ አንስቶ፣ የአሠሪውን ስምና አድራሻ ለእናቱ ትቶ ይሄዳል። ይህ ትንሽ ነገር ነው? ሬሳ ከየት እንደሚፈለግ እንኳ ለማያውቅ ቤተሰብ ትንሽ አይደለም።

ፖላንዶች ራሳቸው ከእኛ በፊት ይህንን አይተውታል። አገራቸው በ1996 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ወደ አውሮፓ ኅብረት ስትገባ፣ እንግሊዝና አየርላንድ በራቸውን ከፈቱላቸው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ሻንጣውን ይዞ ወጣ። በ2003 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው ቆጠራ ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ብዙ ሰው እንደ ዋና ቋንቋው የሚናገረው ፖሊሽ ሆኖ ተገኘ። እነሱም ፋብሪካ ጠረጉ፣ ጡብ ተሸከሙ፣ የሰው ቤት አጸዱ። ከእኛ ልጆች የሚለዩት ጎበዞች ስለሆኑ አይደለም፤ ነጭ ስለሆኑ ብቻም አይደለም። አሠሪው ቢክዳቸው የአገሩ ሠራተኛ የሚከስበት ፍርድ ቤት ለእነሱም ክፍት ነበር። ሥራ ለመቀየር የማንንም ፈቃድ አይለምኑም ነበር። ዛሬ ደግሞ ተገላብጦ ራሷ ፖላንድ የውጭ ሠራተኛ የምትቀጥር አገር ሆናለች። በአውሮፓውያኑ 2023 ዓ.ም. የፖላንድ ቪዛ በጉቦ ይሸጣል የሚል ቅሌት ፈንድቶ የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ከሥልጣኑ ወርዷል። ስለዚህ «ፖላንድ እልካለሁ» የሚል ደላላ የገጠማችሁ ሁሉ ረጋ በሉ! የሥራ ፈቃዱን የሚጠይቀው እዚያ ያለው ቀጣሪ ነው፤ ቀጣሪው ማን እንደሆነ የማይነግራችሁ ደላላ የሚሸጥላችሁ ነገር የለውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እኔ ሚኒስትር አይደለሁም። ከሚሴ ላይ የሰማሁትን ይዤ ግን ጥቂት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ተመላሽ ይጠየቅ። ከሚሴና ባቲ ላይ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ይቀመጥ። የተመለሰው ሰው ስሙን ብቻ ሳይሆን የት ሠራ፣ ማን ቀጠረው፣ ስንት ተከፈለው፣ ስንት ቀረበት፣ ደላላው ማነው ተብሎ ይመዝገብ። የቀረው ደመወዝ በመንግሥት ስም በኤምባሲ በኩል ይጠየቅ። ዛሬ አንድ ሰው ያልተከፈለኝ ደመወዝ አለኝ ብሎ ከሚሴ ላይ የት ሄዶ ያመልክት? ለማን?

ሁለተኛ፣ ውሉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ፤ ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። የሚያነብላትም ከዚያው የተመለሰች ሴት ትሁን። «ይህች መስመር ማለት ፓስፖርትሽን አትስጪ ማለት ናት» ብላ የምታስረዳት እሷ ናት። ጂዳና ሪያድ ስልክ የሚያነሳው የቆንስላ ሰውም የሠራተኛዋን ቋንቋ የሚችል ይሁን። እያለቀሰች የምትደውል ልጅ አስተርጓሚ ፍለጋ አትሂድ።

ሦስተኛ፣ መንግሥት በ2009 ከሳዑዲ ጋር የተፈራረመው ስምምነት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ነው። እረኛውስ? የእርሻ ሠራተኛውስ? ሴቷ ጠባብም ቢሆን በር ካላት ወንድሟ ለምን ግድግዳ ይጠብቀዋል? በረሃ የሚያቋርጠው እኮ በብዛት እሱ ነው።

አራተኛ፣ የተመለሰችው ሴት ሙያ ይታወቅላት። አረጋዊ መንከባከብ፣ ሕፃን ማሳደግ፣ ዓረብኛ፣ የብዙ አገር ምግብ ማብሰል ታውቃለች። አውሮፓ የሠራ ኤክስፓት ይህንን የሥራ ልምድ ብሎ ይጽፈዋል። የእኛዋ ግን አሥር ዓመት ሠርታ ስትመለስ «የሥራ ልምድ፦ የለም» ተብላ ትመዘገባለች።

ከሁሉም በላይ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። በጨፋ ሜዳ ላይ ያ ሁሉ ለም መሬት ተዘርግቶ፣ ቦርከና እየፈሰሰ፣ ወጣቱ የሰው አገር ፍየል ሊጠብቅ ባሕር የሚሻገረው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። በ2013 አጣዬና ሰንበቴ ሲቃጠሉ፣ በ2014 ጦርነቱ ከሚሴ ሲገባ ያየ ልጅ፣ ነገውን እዚህ አገር ላይ ለማስያዝ ቢፈራ አይፈረድበትም። ሰላምና ሥራ ከሌለ ፖስተር ባሕር አይዘጋም።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ከሳዑዲ የሚመለሰው ሰው እስረኛም፣ ለማኝም፣ ቁጥርም አይደለም። የውጭ አገር ሥራን በሥጋው የተማረ ምስክር ነው። በባዕድ አገር ያየውን ለማዳመጥ የማይፈልግ መንግሥት፣ በገዛ አገሩ የሚያየውንማ እንዴት ይሰማዋል? ከሚሴ የምትኖሩ አንባቢዎቼ፣ እናንተም ብትሆኑ ጎረቤታችሁ ሲመለስ ሻንጣው ላይ አታፍጥጡ። ቡና አፍሉና «ምን አየህ?» በሉት። መንግሥት እስኪጠይቀው ድረስ እናንተ ጠይቁት።

ልብ ያለው ልብ ይበል!